ሕዋስ ስለሚባለው ቃል ትርጕም



አንድ ዕጩ መምህር ማስተማር ሲለማመድ ለመመልከት ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጬ ነበር። ዕጩው፣ «የሰው ሕዋሳት ስንት ናቸው?» ሲል ጠየቀ። አንድ ልጅ ፈጥኖ ተነሥቶ፣ «አምስት ናቸው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ» አለ። ዕጩውም፣ «ተሳስተሃል፤ ቍጥር ስፍር የላቸውም» ብሎ አስቀመጠው፤ ጓደኞቹም ሣቁበት።

ልጁ ግን ከአባቶች የተማረውን በትክክል መለሰ እንጂ አልተሳሳተም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቃሉ ሁለት ትርጕም እንዳለው ለዕጩው አላስተማርሁትምና።

ሕዋስ ከግእዝ የወረስነው ቃል ሲሆን፣ የጥንት ትርጕሙ የስሜት መሣሪያ ማለት ነው። የሳይንስ መጻሕፍት ደግሞ ኤውሮፓውያን «ሴል» ለሚሉት፣ ይኸውም ሕይወት ላለው አካል ሁሉ መሠረት ለሆነው ረቂቅ ክፍል መጠሪያ አድርገውታል።

«ሴል» የሚለውም ቃል ራሱ በተውሶ የመጣ ነው። ሥሩ በላቲን ትንሽ ክፍል ማለት ነው፤ የመነኵሴ በዓትም በዚሁ ስም ይጠራል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስስ የቡሽ ቅራፊ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ ያያቸውን ጥቃቅን ክፍሎች፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1665 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ስም ጠራቸው። ያየው ግን ሕይወት የተለየውን ባዶ ግድግዳ ነበር። በኋላ ሽላይደን በ1838 የዕፀዋት፣ ሽቫን በ1839 የእንስሳት አካል ከሕዋሳት የተሠራ መሆኑን ገለጡ፤ ፊርኾም በ1855 ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ እንደሚገኝ አስተማረ። እንግዲህ የባዶ ክፍል ስም የነበረው የሕያው ነገር መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ቃል በተውሶ ሲሄድ የፊተኛውን ትርጕሙን ይዞ እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ መምህር አስቀድሞ ልጁ ስለ ቃሉ የሚያውቀውን ይጠይቅ፤ ያንንም ያክብርለት። ቀጥሎ፣ «ሊቃውንት ይህንኑ ቃል ለሌላ ነገር ተውሰውታል» ይበለው። ከዚያም ከቀይ ሽንኩርት ገላ ላይ ስሱን ሽፋን ልጦ በማይክሮስኮፕ ያሳየው፤ መሣሪያው ከሌለ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ይሣልለት። በመጨረሻም ሁለቱን ትርጕሞች በአንድ ምሳሌ ያገናኝለት፤ ዓይን በጥንቱ አነጋገር አንድ ሕዋስ ነው፤ በአዲሱ አነጋገር ግን ከብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት የተሠራ ነው።

ከዕጩው ጋር ይህን ከተነጋገርን በኋላ፣ በማግሥቱ በክፍሉ ፊት ቆሞ ልጁን፣ «የትናንቱ መልስህ ትክክል ነበር፤ ጥያቄዬ ነው ያልተሟላው» አለው። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ለማንሣት አልፈራም።