ያልተጻፈው ምዕራፍ



በምረቃ ቀን ዲግሪ ስላልነበረው ሰው መናገር ድፍረት ይመስል ይሆናል። አንቶኒ ቫን ሊውወንሁክ በኔዘርላንድ፣ በደልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የጊዜው ሊቃውንት የሚጻጻፉበትን ላቲንም አያውቅም። ሆኖም በእጁ የሠራት ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ሌንስ፣ ሊቃውንቱ ያላዩትን አሳየችው። ቁንዶ በርበሬ ምላስን ለምን እንደሚያቃጥል ሊመረምር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ሲመለከት፣ ውሃው ውስጥ ጥቃቅን ፍጥረታት ሲርመሰመሱ አገኘ። በ1676 እ.ኤ.አ. ያየውን ሁሉ ዘርዝሮ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ በደብዳቤ ጻፈ።

«እንዲህ ከሆነ ትምህርት ቤት ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ከደብዳቤው በኋላ በሆነው ነገር ላይ ይመስለኛል። የማኅበሩ አባላት ነገሩን አላጣጣሉትም፤ አሜን ብለውም አልተቀበሉትም። ሊውወንሁክ ቀሳውስት ያሉባቸውን የስምንት ሰዎች ምስክርነት ላከላቸው፤ ለችሎት ቢሆን ከበቂ በላይ ነበር። እነሱ ግን በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ስለ ማይክሮስኮፕ በ1665 ታዋቂ መጽሐፍ ያሳተመው ሮበርት ሁክ ራሱ ቁንዶ በርበሬ ዘፍዝፎ ደጋግሞ ሞከረ፤ በኅዳር 1677 ፍጥረታቱን ለአባላቱ አሳየ። አንድ ሰው ብቻ ያየው ነገር የሁሉም እውቀት የሆነው፣ በእኔ ግምት፣ ያን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፦ ማየት ተሰጥኦ ሊሆን ይችላል፣ ማረጋገጥ ግን የብዙዎችን የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

ሊውወንሁክ በ1723፣ በ90 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ለማኅበሩ መጻፉን አላቋረጠም። ምርጥ ሌንሶቹን እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚመለከትባቸው ግን ለማንም አልገለጠም። «የባለሙያ ምስጢር እንጀራው ነው» ትሉኝ ይሆናል። ለብዙ የእጅ ባለሙያ እውነት ነው፤ እሱ ግን ከ1660 ጀምሮ የከተማው ደመወዝተኛ ነበር፣ የሚኖረውም ማይክሮስኮፕ ሸጦ አልነበረም። ከእሱ በኋላ የጥቃቅን ፍጥረታቱ ጥናት ለረጅም ጊዜ ተቀዛቀዘ። ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ግን አግባብ አይደለም፤ ባለብዙ ሌንሶቹ ማይክሮስኮፖች እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ ምስሉን ያደበዝዙና በቀለም ይከቡት ነበር፣ ፍጥረታቱን ከበሽታ ጋር አጥብቆ ያያያዘም ጥቂት ነው። ሆኖም ሐኪሙ ሮበርት ኮህ አባሰንጋን የሚያመጣው ከእነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት አንዱ፣ ባክቴሪያ፣ መሆኑን ያሳየው በ1876፣ ከቁንዶ በርበሬው ደብዳቤ 200 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ መዘግየት ጥቂቱ እንኳ ካልተነገረው አሠራር የመጣ ከሆነ ዋጋው ከባድ ነው።

ብዙዎቻችሁ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ውስጥ «የጥናቱ ዘዴ» የሚለውን ምዕራፍ እየሰለቻችሁ እንደጻፋችሁት እገምታለሁ። ሊውወንሁክ ሳይጽፍ የሞተው እሱን ነው። ነገ በቤተ ሙከራ፣ በሆስፒታል ወይም በግንባታ ቦታ የሥራ ባልደረባችሁ «እንዴት አድርገህ ነው? እንዴት አድርገሽ ነው?» ሲል፣ ሌላው ሰው ሊደግመው በሚችል መጠን መልሱለት።

እንኳን ደስ አላችሁ።