በሩቅ አገር ሸሪክ ስንመርጥ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የዞን አመራሮች፣



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ቡናችንን ለቻይና ገበያ ስናቀርብ እዚያው አገር ያለውን ሸሪክ እንዴት እንምረጥ የሚል ነው። የኢትዮጵያ ቡና ለብዙ ዘመን ወደ ጀርመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ አሜሪካና ጃፓን ሲሄድ ኖሯል። አሁን ሻይ በለመደችው ቻይናም ቡና ጠጪው እየበዛ መጥቷል። ቋንቋውንና የገበያውን አሠራር ስለማናውቅ የአገሬው ሸሪክ ያስፈልገናል።

አንድ በሬ ያለው አርሶ አደር መቀናጆ ሲፈልግ የበሬውን ጉልበት ብቻ አያይም፤ የባለቤቱንም ጠባይ ያጠናል። በእርሻ ወቅት መቀናጆው ቢፈርስ ማሳው ጦሙን ያድራልና። የእኛም ነገር ይኸው ነው። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ ማለትም 192 ኩንታል ቡና ይይዛል። ይህ የታጠበ ቡና ከሆነ ወደ 1,000 ኩንታል የሚደርስ እሸት የተለቀመበት ነው። ገዢው ቢክድ የባንክ ዕዳው በዩኒየኑ፣ የትርፍ ክፍፍሉ መቅረት ደግሞ በእናንተ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ አምስት ነገሮችን እናጣራ።

አንደኛ፣ ማንነቱን በሰነድ እንይ። በቻይና የተመዘገበ ኩባንያ በንግድ ፈቃዱ ላይ 18 ፊደልና አኃዝ ያሉት መለያ ቁጥር አለው። በዚህ ቁጥር የኩባንያውን ሕጋዊ ተወካይና የሥራ ዘርፍ ከመንግሥት መዝገብ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ቁጥሩን ለመስጠት የሚያመነታ ካለ ንግግሩ እዚያው ይቁም።

ሁለተኛ፣ ቡናውን ለማን እንደሚሸጥ እንጠይቅ። ራሱ ቆልቶ የሚሸጥ፣ የሚያከፋፍልና ኮሚሽን ብቻ የሚወስድ ደላላ አንድ አይደሉም። ከዚህ በፊት የሸጡለትንም ጠይቀን እንስማ።

ሦስተኛ፣ በጥቂቱ እንጀምር። መጀመሪያ ናሙና፣ ቀጥሎ አንድ ኮንቴይነር ይላክ። ክፍያውም በኤል ሲ፣ ማለትም ባንክ ሰነዱን አይቶ ሊከፍል ግዴታ በገባበት መንገድ ይሁን።

አራተኛ፣ ስማችንን ለሸሪክ አናስረክብ። በቻይና የንግድ ምልክት በመሠረቱ ቀድሞ ላስመዘገበ ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን በቻይንኛ የሚጠራበትን ስም ያስመዘገበ የቻይና ኩባንያ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ክስ አቅርቦ በከፊል የተፈረደለት በ2016 ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይህን ያህል ከተንከራተተ እኛ በምን አቅማችን እንከራከራለን? ምልክታችንን አስቀድመን በዩኒየኑ ስም እናስመዝግብ።

አምስተኛ፣ ውሉ መውጫ በር ይኑረው። ብቸኛ አከፋፋይነት የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ፣ ሸሪኩ የሚገዛው ትንሹ መጠን ተጽፎ ይሁን። ክርክር ቢነሳ የሚዳኝበት የግልግል ዳኝነት ተቋምም በውሉ ይጠቀስ። ቻይና ከ1987፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኒውዮርክ ስምምነት አባላት ስለሆኑ፣ በአንዱ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በሌላው የሚፈጸምበት ሕጋዊ መንገድ አለ።

የተከበራችሁ አባላት፣

የሥራ አመራር ቦርዱ ከመፈረሙ በፊት የእነዚህን አምስት ጥያቄዎች መልስ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቅርብ፤ እናንተም ሳትሰለቹ ጠይቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ቀበቷችንን ከመንገዳችን በፊት እናጥብቅ።