የፕሮግራም ሠሪውና የባዮሎጂ መምህሩ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 በዛሬው የበዓላችን ቀን የምናገረው የኮምፒዩተር የትምህርት ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎችና የባዮሎጂ መምህራን ተገናኝተው መመካከር የሚገባቸው ስለ መሆኑ ነው።

ባለፈው ዓመት የባዮሎጂ መምህራችን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥተው፥ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሰመራ ድረስ ለአንድ የመምህራን ስብሰባ ሄደው ነበር። እዚያም አንድ ወጣት ፕሮግራም ሠሪ የሰው ልብ ሲመታ በኮምፒዩተር አሳያቸው። ደሙ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በቀለም ተለይቶ ይታያል። መምህራችን አይተው አደነቁ፤ ቀጥለውም ሦስት ጥያቄ ጠየቁት። «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል? ስድሳ ተማሪ በአንድ ኮምፒዩተር እንዴት ይማርበታል? ተማሪው መካከል ላይ አልገባኝም ቢል ይመለስለታል?» ወጣቱ መልስ የነበረው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ነገር ግን አልተቆጣም፤ ደብተሩን አውጥቶ ጥያቄዎቹን ጻፈ። መምህራችን ይህን ሲያጫውቱን «ከፕሮግራሙ ይልቅ ደብተሩ ደስ አሰኘኝ» አሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከቀላል ነገር የመጣ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂን ጨምሮ ብዙ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን፥ በተለምዶ «ፕላዝማ» በተባለው፥ መሰጠት ጀመረ። ላቦራቶሪ ላልነበረው ክፍል ብዙ ያልታየ ነገር አሳይቷልና ውለታውን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የተማረው ታላቅ ወንድሜ እንደሚነግረኝ፥ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ይናገራል፤ ይጠይቃል፤ መልስ ሳይሰማ ያልፋል። በክፍሉ የቆሙት መምህር ሊያስቆሙት አይችሉም። ከወንድሜ ጎን የሚቀመጥ፥ በቤቱ አፋርኛ የሚናገር አንድ ልጅ ነበረ። አንድ ቃል ሲያመልጠው የቀረው ሁሉ አብሮ ያመልጠዋል። በመጨረሻም ትምህርቱን ትቶ ወደ ፍየሎቹ ተመለሰ።

ይህ ልጅ ግን ባዮሎጂ የማያውቅ አልነበረም። አፋሮች ደርጊ ሐራ የሚሉት ዛፍ፥ በሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፥ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። በረሃውን እንዲያለማ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዞ የግጦሹን ሣር አጥፍቷል። ከብትና ፍየል ጣፋጩን ፍሬ ይበላሉ፤ ጠንካራው ዘር በሆዳቸው አልፎ በእበትና በበጠጥ ውስጥ ይበቅላል። ፍሬው ተፈጭቶ ቢሰጣቸው ግን ዘሩ ስለሚደቅ አይበቅልም። ልጁ የዘሩን መንገድ በየቀኑ ያየው ነበር፤ የጠየቀው ግን የለም።

አሁን ከፕላዝማው የተሻለ መሣሪያ አለ። በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተው «ፌት» የተባለ የፕሮግራሞች ስብስብ በነፃ ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ የተፈጥሮ ምርጫን በጥንቸሎች ያስተምራል። ተማሪው ራሱ ተኩላ ያስገባል፤ ምድሩን በረዷማ ወይም ሞቃት ያደርጋል፤ ከነጩና ከቡናማው ጥንቸል የትኛው እንደሚተርፍ ያያል። ሲፈልግ ያቆመዋል፤ ሲፈልግ እንደገና ይጀምረዋል።

ነገር ግን የአዋሽ ልጅ በረዶ የለበሰ ምድር አያውቅም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ስለ ደርጊ ሐራ ቢሠራስ? ፍየሎቹ ፍሬውን እንዳለ ሲበሉና ተፈጭቶ ሲሰጣቸው፥ ከአሥር ዓመት በኋላ ሜዳው ምን እንደሚመስል ተማሪው ቢያነጻጽርስ? ይህን ፕሮግራም ሠሪው አዲስ አበባ ተቀምጦ ብቻውን አያስበውም፤ መምህራችንም ብቻቸውን አይሠሩትም። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ግን ይሆናል።

አባቶቻችን «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪዎች ወደ መምህራን ስብሰባ ሲመጡ የሚሸጡትን ብቻ ሳይሆን ባዶ ደብተርም ይዘው ይምጡ። መምህራንም የክፍላቸውን ችግር ሳያፍሩ ይንገሯቸው። ከመካከላችን ነገ ኮምፒዩተር የሚያጠና ቢኖር፥ ከጎኑ ተቀምጦ ዝም ያለውን ጓደኛውን አይርሳ።

ፊደል በቆጠርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት አስተማሪ ነበሩ። «ትናንት ያልገባው ማነው?» ሳይሉ መጽሐፋቸውን አይገልጡም ነበር። እጄን ባላነሣ ኖሮ ዛሬ በፊታችሁ ባልቆምሁ ነበር። ኮምፒዩተሩም ይህን ጥያቄ መጠየቅ ይማር ዘንድ፥ አስቀድሞ ሠሪው ከመምህሩ ይማር።