ዝሆኔ ከየትኛው ወገን ይመደባል?

(ጉኑኖ ላይ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ሐኪሞች በሽታን ተላላፊና የማይተላለፍ ብለው ይከፍላሉ፤ እንደ መነሻውም ከተሕዋስያን፣ ከዘር ወይም ከአካባቢ የመጣ ይሉታል። ይህ የትምህርት ቤት ነገር ሊመስል ይችላል። እዚህ በወላይታ ግን እግሩ ያበጠ ሰው ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቀርብ፣ ልጁንም ማን እንደሚያገባት የሚወሰነው በዚሁ አመዳደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ በዝሆኔ መያዙን ገልጿል፤ ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አይደለም።

ብዙዎቻችን ያበጠ እግር ስናይ የሥጋ ደዌ ነው እንላለን። የሥጋ ደዌ ግን በባክቴሪያ የሚመጣና ነርቭን የሚያደነዝዝ ነው፤ ዝሆኔ የያዘው ሰው እግሩን ሲነኩት ይሰማዋል። በቆላ ደግሞ፣ ለምሳሌ በጋምቤላ፣ ትንኝ የምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል እግርን ያሳብጣል። ይህም ዝሆኔ ስለሚባል ስሙ ራሱ ያሳስታል።

የእኛ አገር ዝሆኔ ትልም ባክቴሪያም የለበትም። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ነው። ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ደቃቅ ቅንጣቶች ይገቡና የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ፤ እብጠቱም ከታች ጀምሮ ወደ ጉልበት ይወጣል። ይህን የለዩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ፖዶኮኒዮሲስ ያሉትም ከግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ በሽታዎች የቆጠረው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ዘግይቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ለምን ይይዛል? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የወላይታ ጥናት ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የሚወረሰው ለአፈሩ በቀላሉ መጎዳት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። የታማሚ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ሊድን ይችላል። ስለዚህ "ዘራቸው ነው" ብሎ ጋብቻ መከልከል ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይዞ መፍረድ ነው።

የጤና ሠራተኞቻችን ሆይ፣ በመዝገባችሁ ላይ "ዝሆኔ" ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። እብጠቱ ከየት ጀመረ? ሰውየው ቆላ ወርዶ ሠርቷል? እግሩ ይሰማዋል? ብላችሁ ጠይቁ። የትል መድኃኒት ለአፈሩ ዝሆኔ አይረዳም። የሚረዳው በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። እግሩን በምታጥቡለትም ጊዜ በሽታው ወደ እናንተ አይተላለፍም።