ገብሱስ ተረፈ፣ ላሟስ ምን ትብላ?
የሞላሰስ አረቄ የመጀመሪያ ሙከራችን በጋፋት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ የምናገረው ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። ከአንዲት እናት አባላችን ጋር ሆነን ከሞላሰስ አረቄ ለማውጣት ያደረግነውን የመጀመሪያ ሙከራ ከነስህተቱ ልነግራችሁ ነው።

ጋፋት ለእሳትና ለሙከራ እንግዳ አይደለችም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በ1850ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ነው። የእኛ እሳት ግን የጓዳ እሳት ነው።

በደጋችን አረቄ እያወጡ ልጅ የሚያስተምሩና የማኅበር ዕጣ የሚከፍሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ችግሩ ለድፍድፍ የሚገባው ገብስና ስንዴ ከቤተሰቡ ጎታ መውጣቱ ነው። ክረምት ሲገባ ጎታውና ጋኑ በአንድ እህል ይሻማሉ። ስለዚህ “እህሉን በሌላ ነገር መተካት ይቻላልን?” ብለን ጠየቅን።

ሞላሰስ ከሸንኮራ አገዳ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁርና ወፍራም ፈሳሽ ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ በአገራችን የታወቀ ነው። ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ አልኮል ያወጣበታል፤ ፊንጫና መተሐራም ኢታኖል አምርተውበታል። በካሪቢያን ደሴቶች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከዚሁ ሞላሰስ የሚወጣው መጠጥ ሩም ይባላል። ግማሽ ያህሉ ወደ አልኮል ሊለወጥ የሚችል ስኳር ነው። በእህል ግን ብቅሉ መጀመሪያ ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ አለበት፤ ሞላሰስ ይህን ድካም ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነበር። ለከብት መኖ ከመጣው ሞላሰስ ወስጄ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል በጠበጥኩት። ሦስት ቀን ቆየ፤ አንድ አረፋ እንኳ አላወጣም። እናታችን ቀምሰው፣ “ልጄ፣ ማር ሳይበረዝ ጠጅ ይሆናል እንዴ?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስኳሩ ሲበዛ እርሾው አይሠራም። የቤቱም ቅዝቃዜ ተጨምሮበታል።

በሁለተኛው ዙር 10 ኪሎ ሞላሰስ በ30 ሊትር ውሃ በረዝን። ውሃውን አፍልተን፣ እጅ እስኪችለው አቀዝቅዘን፣ ከራሳቸው ጋን ጌሾና ብቅል ያለበትን ጥንስስ ጨመርንበት። ማሰሮውን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠን ሌሊት በጋቢ ጠቀለልነው። በማግስቱ ፈላ። በስድስተኛው ቀን አረፋው ተኛ፣ ጣፋጭነቱም ጠፋ። ያን ጊዜ ለማውጣት ደረሰ።

በማውጣቱ ላይ የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ማሰሮው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላ። ሞላሰስ ይገነፍላል፤ ገንፍሎ መቃውን ከደፈነው እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ማሰሮው ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛ፣ እሳቱ ዝግ ይበል። በእኛ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 91 ገደማ ላይ ይፈላል። እሳት ሲበዛ ውሃው ከአልኮሉ ጋር ተከትሎ ይወጣና አረቄው ይቀጥናል።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውና ሽታው የሚሰነፍጠው ይደፋ። ኩራዝና ክብሪት ከመቀበያው ይራቁ።

አራተኛ፣ የኬሚካል በርሜልና የመኪና ራዲያተር ለዚህ ሥራ ክልክል ናቸው። ከራዲያተር እርሳስ ወደ መጠጡ ሊገባ ይችላል።

አምስተኛ፣ ከሁሉ በላይ ማንም የፋብሪካ አልኮል አይጨምርበት። ዓይን የሚያጠፋውና ሰው የሚገድለው ሜታኖል በብዛት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። በጣዕም አይለይም፤ የመጀመሪያውን በመድፋትም አይወገድም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ 4 ሊትር ያህል አገኘን። እኔ ደስ ብሎኝ፣ “ይኸው፣ አንድ ቁና ገብስ ከጎታው ሳይነካ!” አልኩ። እናታችን ማሰሮውን ገልብጠው የቀረውን ጥቁር ውሃ ተመለከቱና፣ “ገብሱስ ተረፈ፤ ላሜስ ምን ትብላ?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ኮሌጅ ስለ አልኮል ሒሳብ ተምሬያለሁ፤ የአተላውን ሒሳብ ግን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የእህል አተላ ፕሮቲን ያለው መኖ ነው፤ የምትታለበዋ ላም በጋውን የምትወጣው በእሱ ነው። የሞላሰስ ቅሪት ግን ቀጭን ውሃ ነው፤ አተላን አይተካም። ፖታሺየም ስላለው በብዙ ውሃ ተበርዞ ለጓሮ አትክልት ይሆናል፤ ወንዝ ውስጥ ከተደፋ ግን ውሃውን ያበላሻል። ማገዶውም ቢሆን አልቀነሰም፤ ባሕር ዛፉ እንደ ድሮው ነደደ።

የተከበራችሁ አባላት፣

እንግዲህ ሞላሰስን እንተወው ማለቴ አይደለም። ያለ ሙሉ ሒሳብ አንግባበት ማለቴ ነው። በዚህ መሠረት ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

1. ዩኒየኑ ሞላሰስ ቢያመጣ ቅድሚያው ለመኖ ይሁን። በውሃ ተበርዞ ገለባ ላይ ሲረጭ ከብቱ ገለባውን ወድዶ ይበላል። ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ከኑግ ፋጉሎ ጋር ይሰጥ።

2. አረቄ የሚያወጡ እናቶች እህሉን በሙሉ ከመተካት ግማሽ በግማሽ ይሞክሩ። ጎታውም ይተርፋል፣ አተላውም አይጠፋም። የወጣው እህል፣ ማገዶና አረቄ ተመዝኖ ይመዝገብ። ጥንካሬውን በምላስ ከመገመት ዩኒየኑ አንድ የአልኮል መለኪያ ይግዛ።

3. የወረዳ ባለሙያዎች የማጓጓዣውን ወጪ አስቀድመው ያስሉ። በክልላችን ጃዊ ላይ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ስላለ ስሌቱ ከዚያ ይጀምር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞላሰስ 28 ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን አይረሳ፤ ጭነት የሚከፈለው በኪሎ ነው።

በመጨረሻም፣ ቴክኖሎጂ ይዘን ወደ አርሶ አደሩ ቤት የምንገባ ባለሙያዎች ጎታውን ብቻ አይተን አንውጣ፤ በረቱንም እንይ። ይህን ላስተማሩኝ እናት ምስጋናዬ የላቀ ነው።