ጾሙንም ፍስኩንም የሚዘልቅ አመጋገብ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በየወሩ መጨረሻ የቁጠባና የብድር ሒሳብ ሳነብላችሁ ነው። ዛሬ የማነበው የራሴን ሒሳብ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከባለቤቴም ከእናንተም የደበቅኩትን። የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ በዲፕሎማ የተመረቅኩ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምነግራችሁም በራሴ የደረሰውን፣ ካነበብኩትና ከባለሙያ ከሰማሁት ጋር አገናዝቤ ነው።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ክብደቴ 84 ኪሎ ደረሰ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ስትሠቃይ ሳይ “የኔም መጨረሻ ይኸው ነው” እያልኩ እፈራ ነበር። ፍርሃት ደግሞ ያስቸኩላል። እኔም ቶሎ የሚያከሳ ነገር መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ እንጀራና ዳቦ ጨርሼ ተውኩ። ሥጋ፣ እንቁላልና ሰላጣ ብቻ እየበላሁ በስድስት ሳምንት 6 ኪሎ ቀነስኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚወርደው ክብደት ብዙው ውሃ ነው። ከዚያ ዓቢይ ጾም ገባ። ሥጋና እንቁላል ሲቀሩ የምበላው አጣሁ፤ ወደ እንጀራው ተመለስኩ፤ ከሦስት ወር በኋላ 7 ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ።

ቀጥሎ ሰባት ቀን ጭማቂ ብቻ መጠጣት ሞከርኩ። በአራተኛው ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ስሠራ አንድ ዜሮ ጨምሬ ጻፍኩ። አለቃዬ ባያየው ኖሮ ዛሬ ሥራ ላይ አልገኝም ነበር። በመጨረሻ የእቁብ ዕጣዬ ሲደርሰኝ ያከሳል የተባለ ሻይና ዱቄት ገዛሁ። ምን እንዳለበት በቅጡ ያልተጻፈበት ዕቃ ነው። ሌሊት ልቤ እየመታ እንቅልፍ ነሳኝ። በሁለት ዓመት ያወጣሁትን ስደምረው 11,400 ብር ሆነ። የእናንተን አሥር ብር ሳላስተላልፍ የምመዘግብ ሴት፣ ለዚህ አንድም ደረሰኝ አልያዝኩም።

ያነቃኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጄ የምሳ ዕቃዋን እንዳለ ይዛው ተመለሰች። እንጀራው አልተነካም። ምነው ብዬ ስጠይቃት “እማዬ፣ እንጀራ ያወፍራል ብለሽ የለ? እኔም መወፈር አልፈልግም” አለችኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ለራሴ መፍትሔ ስፈልግ ለልጄ በሽታ እያወረስኩ ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊቴ 150 በ95 ሆኖ ተገኘ። የለካችኝ ሲስተር የሞከርኩትን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችኝና “የኔ እህት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን አበላል በጾም ትቀጥዪበታለሽ? በፋሲካስ? ልጅ ሲታመም፣ ለቅሶ ቤት ስትውዪ፣ ወር መጨረሻ ላይ ብር ሲያልቅስ?” አለችኝ። ለአንዱም አዎ ማለት አልቻልኩም። “እንግዲያው ያንቺ አይደለም፤ ሌላ ፈልጊ” ብላ ሸኘችኝ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን የሲስተሯን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ።

በኋላ ሳነብ ጥያቄዋ በጥናትም የተደገፈ ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 160 ሰዎች በአራት ታዋቂ የዳይት ዓይነቶች ተከፋፍለው ለአንድ ዓመት ታይተዋል። በዳይቶቹ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም፤ ልዩነት ያመጣው ሰውየው በያዘው ምን ያህል ጸና የሚለው ነው። ከአሥሩ አራቱ ያህል ደግሞ ዓመቱን ሳይጨርሱ አቋርጠዋል። ስለዚህ “የትኛው ዳይት ያከሳል?” ከማለት “የትኛውን ከዓመት ዓመት እችለዋለሁ?” ማለት ይሻላል።

እኔ የያዝኩትን ልንገራችሁ። እንጀራን አልተውኩም። ነገር ግን ከትሪ ላይ ስንበላ ስንት እንደበላሁ አላውቅም ነበርና፣ አሁን አንድ እንጀራ ለብቻዬ አቀርባለሁ፤ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሰላጣውን አበዛለሁ። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ፕሮቲንም አሰርም ስላላቸው ያጠግባሉ፣ በጾምም በፍስክም ይበላሉ፣ ዋጋቸውም ከሥጋ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ለአራት ሰው ቤታችን በወር 5 ሊትር ይፈጅ ነበር። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ አለው፤ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት ግን 4 ነው። 5ቱን ሊትር ለአራት ሰውና ለ30 ቀን ሳካፍለው፣ ከዘይት ብቻ ለእያንዳንዳችን በቀን 345 ካሎሪ ገደማ ይደርሰን ነበር። አሁን ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልቼ ዘይቱን በኋላ በማንኪያ ለክቼ እጨምራለሁ፤ 3 ሊትር ይበቃናል። ክብደቱም ቀነሰ፣ ወጪውም ቀነሰ። ልጆቼን ግን አላስራብኩም፤ እያደጉ ስለሆነ እንቁላሉና ለውዙ አይቀርባቸውም።

ሦስተኛው ስኳር ነው። ቢሮ በቀን አራት ሻይ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር እጠጣ ነበር፤ ይህ 32 ግራም ያህል ነው። አንድ ለስላሳ ሲጨመርበት ከ60 ግራም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ከ50 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። በአንድ ቀን አላቆምኩም፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ። አሁን ጣፋጭ ሻይ ራሱ አይጥመኝም። ከታክሲም አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልበል። የጾም ምግብ አያወፍርም የምንል ብዙ ነን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውለን በባዶ ሆድ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖና የድንች ጥብስ ላይ ብንዘምት ግን ውሏችንን በአንድ ትሪ እናካክሰዋለን። ሙስሊም እህቶቼም በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ያው ፈተና እንዳለ ነግረውኛል። እኔ መጀመሪያ ውሃና ሾርባ፣ ከዚያ ምግቤን እበላለሁ። ለፋሲካ ደግሞ ዶሮውንም ጉርሻውንም አልቆጥርም፤ በዓል ነው። ማክሰኞ ወደ ልማዴ እመለሳለሁ። ድሮ አንድ ቀን ስስት “ተበላሸ” ብዬ ሁሉን እተው ነበር።

ውጤቱስ? በአንድ ዓመት ከአራት ወር 84 የነበረው 77 ሆኗል። ቀጭን አልሆንኩም። ነገር ግን ከክብደት ከመቶ ከ5 እስከ 10 መቀነስ ለግፊትም ለስኳርም እንደሚረዳ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ የእኔ ከመቶ 8 ገደማ ነው። ግፊቴ ወርዷል፣ ክትትሌን ግን አላቋረጥኩም። ልጄም እንጀራዋን ትበላለች።

ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የምታጠቡ፣ የስኳርም ሆነ ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ እህቶች፣ ሐኪም ሳታማክሩ ምግባችሁን አትቀንሱ። ከመካከላችን ደግሞ “ምን ልቀንስ” ሳይሆን “ዛሬ ምን ላብስል” ብላ የምታድር እህት እንዳለች አውቃለሁ። የዛሬው ንግግሬ እሷን አይመለከትም፤ ለእሷ የማኅበራችን የብድር ሣጥን ይቅደም።

አንድ ሐሳብ አቅርቤ ላብቃ። ከየወሩ ስብሰባ በፊት የፈለገች እህት ክብደቷንና ግፊቷን የምትለካበት ሚዛንና የግፊት መለኪያ ከመዋጮአችን እንግዛ። ቁጥሩ በየግል ደብተራችን ይጻፍ፤ ማንም ማንንም አትጠይቅ። ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አብረን በእግራችን ወደ ቤት እንሂድ። ብቻዬን ስደብቀው ሁለት ዓመት የከሰርኩበትን ነገር፣ አብረን ብናደርገው የምንዘልቅበት ይመስለኛል።