ከደብተር ቅጠል የወጣች ወፍ



የሰፈራችን እድር እናቶች እሑድ ከስብሰባቸው በኋላ ግማሽ ሰዓት ሰጡኝ። ወረቀት ማጠፍ ላሳያቸው ያለቁ የልጆች ደብተሮች ይዤ ሄድኩ። ጃፓኖች ኦሪጋሚ ይሉታል፤ መቀስም ሙጫም አይፈልግም።

ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው። በክሮቹ መሄጃ ሲያጥፉት እሺ ይላል፤ አቋርጠው ሲያጥፉት ያንገራግራል። ይህን እያስረዳሁ ሳለ፣ ከኋላ የተቀመጡ እናት አንድ ቅጠል ተቀበሉኝ። ጣታቸው ላይ ጠቅለል፣ ጫፉን ጠምዘዝ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ ቀልበስ አደረጉት። የኦቾሎኒ መጠቅለያ!

«ልጄ፣ እኔ እኮ በዚህ ነው ልጆች ያሳደግኩት» አሉኝ።

ቦታዬን ለቀቅኩላቸው፤ እስኪበቃን አስተማሩን። ከዚያ ቀን በጣም የምወደው ይህንን ነው።

በመጨረሻ አንገተ ረጅም ወፍ አጠፍን፤ የጃፓናዊቷን የሳዳኮ ሳሳኪንም ታሪክ ነገርኳቸው። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የ2 ዓመት ሕፃን ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955፣ በ12 ዓመቷ፣ በደም ካንሰር አረፈች። ሆስፒታል ተኝታ ለመዳን እየተመኘች እነዚህን ወፎች ታጥፍ ነበር፤ ወረቀት ሲያጥራት በመድኃኒት መጠቅለያ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኚያ እናት ወፏን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወሰዷት።

እባካችሁ፣ የልጆቻችሁን ያለቁ ደብተሮች አታቃጥሏቸው፤ ለሰፈራችሁ እድር ስጡ። የሚያጥፍ እጅ እዚያው አለ።